የወይዘሮ ፀሐይነሽ የምድር ቤት ዘመቻ፤ የተሰነጠቀው ሊሾ እንዴት እንደ ቀና

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ወንጌላዊው ማቴዎስ በሠለጠነበት ዘመን፣ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ከአየር ጭነት ሰነድ ምርመራ ሥራቸው በክብር ጡረታ በወጡ በአራተኛው ዓመት፣ ባለቤታቸው አቶ ገረመው ከገዛ ቤታቸው ደረጃ ወድቀው ዳሌያቸውን በተሰበሩ በሦስተኛው ወር፣ ከአትላስ ቁልቁል በሚወስደው ባለ ኮብልስቶን ቅያስ ውስጥ የሆነውን ነገር፣ እኔ በግቢው ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ የምኖር ብርሃነ፣ ያየሁትን አይቼ፣ ያላየሁትን ጠይቄ፣ አንዳንዱንም በባልዲ ተሸክሜ፣ እንደሚከተለው ጻፍሁ።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ማን እንደ ሆኑ ለማያውቅ ይታወቅ። እርሳቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአውሮፕላን ማረፊያው የጭነት መጋዘን፣ ከየአህጉሩ የሚመጣውን ሣጥን ከሰነዱ ጋር ሲያስተያዩ የኖሩ፣ ሳያዩ ያልፈረሙ፣ ሳይቆጥሩ ያላሳለፉ፣ አለቆች የፈሯቸው፣ አስመጪዎች ከሩቅ ሲያዩአቸው ክራባታቸውን ያስተካከሉላቸው፣ ቀይ እስክሪብቶ የታጠቁ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ከመጋዘኑ ወዲያ ማዶ የሚሰማ ሴት ናቸው። አቶ ገረመውም የጂኦግራፊ መምህር የነበሩ፣ ወንዝና ሐይቅን ለሁለት ትውልድ ያስተማሩ፣ ዝምተኛና ግትር ሰው ናቸው።

ቤታቸው ቁልቁለት ላይ የተሠራ ነው። ከውጭ በር ገብቶ ዐሥራ አንድ ደረጃ ያልወጣ ሰው ሳሎኑን አያገኝም፤ መኝታውም መታጠቢያውም እዚያው ላይ ነው። ከሥሩ ግን በጓሮ በኩል ከመሬት እኩል የሚከፈት፣ የራሱ ሽንት ቤት ያለው፣ ለዓመታት የተሰበረ ወንበርና የአሮጌ ፈተና ወረቀት ማከማቻ ሆኖ የኖረ ምድር ቤት አለ። አቶ ገረመው ከሆስፒታል ሲወጡ ባለ አራት እግር፣ ከፊት ሁለት ትንንሽ ጎማ ያለው መራመጃ ተሰጣቸው። መራመጃ ደረጃ አይወጣም። ስለዚህ አራት ሰው በወንበር ተሸክሞ ላይ አወጣቸው፤ ከዚያ ወዲያ አልወረዱም። ከቦሌ የሚነሣውን አውሮፕላን ሁሉ እያዩ፣ እርሳቸው ግን መሬት ሳይረግጡ፣ በጓሮው መስኮት ሥር ተቀምጠው ወራት ቈጠሩ።

ወይዘሮ ፀሐይነሽም በልባቸው መከሩ። ምድር ቤቱ ቢጠረግ፣ አልጋ ቢገባበት፣ ባላቸው ያለ ማንም ድጋፍ ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት ወደ ጓሮ፣ ከጓሮም በጎን መተላለፊያው ወደ መንገድ ይወጡ ነበር። አንድ ጠላት ብቻ ነበረ፤ እርሱም ወለሉ። ሊሾው ከጓሮው በር እስከ ሽንት ቤቱ ደፍ ድረስ ተሰንጥቋል። የስንጥቁ ርዝመት አራት ሜትር ከሃያ ነው፤ ወይዘሮዋ ሁለት ጊዜ ለክተውታል። አንዱ ወገን ከሌላው በጣት ውፍረት ከፍ ብሎ የቆመ ስለሆነ፣ ባዶው መራመጃ እንኳ ሲገፋ ጎማው እዚያ ላይ ደርሶ እንደ ግትር በቅሎ ይቆማል።

ሰኔ አንድ ቀን፣ በዕለተ እሑድ፣ ወይዘሮዋ በምድር ቤቱ ውስጥ ጉባኤ ጠሩ። የተገኙትም እነዚህ ናቸው፤ የእኅታቸው ልጅ ሊና፣ የአውሮፕላን ሆስተስ፣ በሳምንት ሦስት አገር የምታይ፣ ስልኳ ከእጇ የማይለይ፤ እኔ ብርሃነ፣ የማተሚያ ቤት አራሚ፣ የወገብ ሕመምተኛ፤ ደግሞም የጎረቤት ድመት፣ ስሟ ያልታወቀ። ወይዘሮዋም በተሰበረ ወንበር ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አዋጅ ተናገሩ፦

«ለአዲስ ዓመት ገረመው በገዛ እግሩ ጓሮ ይወጣል። ይህ ወለል ለጥ ማለት አለበት፤ ይላልም። የሚቃወም አለ?»

ድመቷ ወጣች። ሌላ ተቃዋሚ አልተገኘም።

ወእምዝ ባለሙያ ተፈለገ። የመጀመሪያው መጥቶ በሜትር ለክቶ «ነገ በጠዋት እመጣለሁ» ብሎ ሄደ፤ ስልኩም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጥሪ መቀበል አቆመ። ሁለተኛው ገብቶ ስንጥቁን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ፣ ጠቅላላው ኮንክሪት ተፈልፍሎ ካልወጣ እጄን አላስገባም አለ፤ ይህም ማለት እስከ ጥቅምት ድረስ አቧራና ጩኸት ነው። ወይዘሮዋ ሁለተኛውን እስከ በር ሸኝተው ተመለሱና «ሊና፣ ስልክሽን አምጪ። እኔ ራሴ ነኝ የምሠራው» አሉ። ሊናም ቪዲዮ አገኘች፤ በዚያም ቪዲዮ አንድ ፈረንጅ እያፏጨ አንድ ሙሉ ክፍል በዐሥራ ሁለት ደቂቃ ሲያነጥፍ ታየ። እኛም አየነውና አመንን።

ዕቃው የተገዛው ከመገናኛ ወዲያ ካለው ከአብዱልናስር መደብር ነው። አብዱልናስር የወለል ዕቃ ሲሸጥ የኖረ፣ ደንበኛውን ሳይጠይቅ የማይሸጥ ሰው ነው። ወይዘሮዋ የዋንዛ መልክ ያለውን፣ ላሚኔት የሚሉትን የወለል ጣውላ መርጠው ባስቀመጡ ጊዜ፣ «እትዬ፣ የሚነጠፍበት ወለል ደረቅ ነው? እርጥበት ካለው ይህ ዕቃ አይሆንም፤ ያብጣል» አላቸው።

«ደረቅ ነው!» አሉ ወይዘሮዋ።

ይህን ሲሉ ወለሉን በእጃቸው ነክተው አያውቁም ነበር። የጌታውን ስሕተት በመጋረጃ መሸፈን የዜና መዋዕል ጸሐፊ ልማድ ነው፤ ይህችን ግን ልሸፍናት ብዬ አልሆነልኝም፤ ኋላ ራሳቸው በሰው ፊት ገልጠዋታልና።

የማንጠፉ ሥራ ሦስት ቀን ፈጀ። ወይዘሮዋ በትራስ ላይ ተንበርክከው፣ ሊና ቪዲዮውን እያስቆመችና እያስጀመረች፣ እኔ ጣውላ እያቀበልሁ፣ አንዱ ከሌላው ጋር «ቀጭ» እያለ እየተጋጠመ ሄደ። ስንጥቁ ተሸፈነ፤ ከፍ ያለው ወገንም ከሥር በገባ ስፖንጅ ተድበሰበሰ። ክፍሉ የአዲስ ዕቃ ሽታ ሸተተ። ሰኔ ሃያ ሁለት ቀን አቶ ገረመው በወንበራቸው ላይ ሆነው በአራት ሰው ትከሻ ወረዱ፤ መራመጃቸውን ይዘው እስከ ጓሮው በር ሄደው ተመለሱ፤ «ጥሩ ነው» አሉ፤ አልጋቸውም እዚያው ተነጠፈ። ወይዘሮ ፀሐይነሽ በዚያ ሳምንት በሰፈሩ ሲያልፉ ከወትሮው ጥቂት ረዝመው ይታዩ ነበር።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡም ከቀትር በኋላ በየቀኑ ቀጠሮ አክብሮ ይመጣ ጀመር። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የጣውላዎቹ መጋጠሚያ ማበጡ ታየ። ወይዘሮዋ በላዩ ላይ የአሮጌ ፈተና ወረቀት ካርቶን ጫኑበት፤ አንድ ትውልድ የከበደው ፈተና እብጠቱን አላስተነፈሰውም። በዐሥራ አንደኛው ቀን አቶ ገረመው ከሽንት ቤት ሲመለሱ፣ የመራመጃው ጎማ በእብጠቱ ላይ ተያዘ፤ መራመጃው ቆመ፤ እርሳቸው ግን አልቆሙም። እኔ የምሳ ሳሕን ይዤ በሩ ላይ ነበርሁ። ሳሕኑን ጥዬ በቀበቷቸው ያዝኋቸው፤ ሁለታችንም አልጋው ጠርዝ ላይ ወደቅን። አልተጎዱም። ነገር ግን ፊታቸው አመድ መስሎ፣ እጃቸው ለብዙ ጊዜ ቀበቶዬን አልለቅቅ አለ።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ በሩጫ ደረሱ። እዚህ ላይ አዋጅ አልተነገረም፤ የተነገረውን እንደ ሰማሁት አስቀምጠዋለሁ።

«ወደ ላይ መልሱኝ» አሉ አቶ ገረመው።

«ገሬ፣ አስተካክለዋለሁ።»

«እንደምታስተካክይው አውቃለሁ። ሁለተኛ ከወደቅሁ ግን አልነሣም፤ እሱንም አውቃለሁ። ወደ ላይ መልሱኝ።»

በወንበር ተሸክመን መለስናቸው። ሲወጡ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ወይዘሮዋ በዚያ ቀን ምሳ አልበሉም። ከቀትር በኋላ ብቻቸውን ወርደው ያበጠውን ጣውላ በመሮ ፈንቅለው አነሡት፤ ከሥሩም ሊሾው ጠቁሮ፣ ስንጥቁ ውሃ አርግዞ ተገኘ። መዳፋቸውን አስቀመጡበት። ከዚያም እጃቸውን አንሥተው፣ በሥራ ዘመናቸው ማኅተሙ የተጭበረበረ ወረቀት ሲያዩ እንደሚያዩት፣ የረጠበውን መዳፋቸውን ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ በመስኮት አይቻቸው ሳል እንኳ አላሳልሁም።

በማግስቱ ወደ አብዱልናስር መደብር ሄዱ። እኔም የተበላሸውን አንድ ጣውላ ተሸክሜ ተከተልሁ። መደብሩ በደንበኛ ሞልቶ ነበር። አብዱልናስር ያበጠውን ጣውላ ባየ ጊዜ፣ በዚያ ሥራ የኖረ ሰው ነውና፣ የሚመጣውን ጩኸት ለመቀበል ትከሻውን አዘጋጀ። ወይዘሮ ፀሐይነሽም መጋዘን በሚያናውጠው ድምፃቸው ሁለተኛውን አዋጅ ተናገሩ፦

«አብዱልናስር! ያን ቀን ወለሉ ደረቅ ነው ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ደረቅ ነው ብዬሃለሁ። ሳላይ ነው የተናገርኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳያይ የፈረመን ሰው ሁሉ ሳስቀጣ ነው የኖርኩት። ዕቃህ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አንድ ደንበኛ የያዘውን የቀለም ናሙና ቀስ ብሎ አስቀመጠ። አብዱልናስር ወንበር አመጣላቸው፤ ውሃም አስመጣ፤ ከዚያ፣ «እትዬ፣ አንድ ሰው አለ። ኤርሳዶ ይባላል፤ ቦሌ አራብሳ ነው የሚኖረው። በወለል ጉዳይ ከሱ የሚበልጥ አላየሁም። ችግሩ ከታክሲ ሲወርድ ወድቆ ቀኝ እጁ ተሰብሯል፤ ጀሶ ውስጥ ነው» አላቸው።

«አፉስ?» አሉ ወይዘሮዋ።

«አፉ ደኅና ነው።»

«ይበቃኛል።»

ኤርሳዶ በሦስተኛው ቀን መጣ። እርሱም ዕድሜው ከአርባ የዘለለ፣ ከሰሚት እስከ ገርጂ በስንቱ ቤት ወለል ላይ በጉልበቱ የሄደ፣ ቀኝ እጁ በአንገቱ የተንጠለጠለ፣ በግራ እጁ ብቻ የሚያዝዝ አዝማች ነው። ወለሉን ረግጦ አላየውም። ተቀምጦ አሸተተው። ከዚያ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ አስቆርጦ፣ በስንጥቁ ላይ አስነጥፎ፣ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አስለጠፈና «ማዘር፣ ለሁለት ቀን ማንም አይንካው» አለ።

«ማዘር አትበለኝ። ፀሐይነሽ እባላለሁ።»

«እሺ ማዘር።»

ከሁለት ቀን በኋላ ላስቲኩ ከሥሩ የድስት ክዳን መስሎ፣ ጠብታ በጠብታ ላይ ተደርድሮበት ተገኘ። ኤርሳዶም ሕጉን ደነገገ፤ «ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳናውቅ አንዲት ጣውላ አትገባም። ስንጥቁን ብንደፍነውም በሌላ በኩል ይወጣል።» ስለዚህ ውሃው ይታደን ጀመር። የግቢው ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ታየ፤ ቆጣሪው አልተንቀሳቀሰም፤ ቧንቧዎቹ በነፃ ተለቀቁ። የሽንት ቤቱ መስመር ተፈተሸ፤ እርሱም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ኤርሳዶ አገጩን በግራ እጁ ያዘ። ሊና ሌላ ቪዲዮ ልትፈልግ ስልኳን አወጣች፤ ወይዘሮዋ ግን ገላመጧትና መለሰችው።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ሻይ ይዘው ወደ ላይ ወጡ፤ እኔም ስኳሩን ይዤ ተከተልሁ። አቶ ገረመው እንደ ሁልጊዜው በመስኮቱ ሥር ነበሩ። ከመለሷቸው ቀን ጀምሮ ስለ ወለሉ አንድ ቃል አልተለዋወጡም ነበር። ወይዘሮዋ ሻዩን አስቀምጠው፣ እንደ መናዘዝ ባለ ድምፅ፣ «ውሃው ከየት እንደሚመጣ አልታወቀም» አሉ።

«እኔ አውቃለሁ» አሉ አቶ ገረመው።

«ምን አልክ?»

አቶ ገረመው በጣታቸው በመስኮቱ አሳዩ። በጓሮው ማዕዘን ላይ ከጣራው የሚወርደው የአሸንዳ ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ተነቅሎ አፉን ወደ ግድግዳው አዙሯል። «የጣራው ውሃ በሙሉ እዚያ ግድግዳ ሥር ነው የሚፈሰው። መሬቱ ወደ ቤቱ ያዘነበለ ነው፤ ስለዚህ ወደ ጓሮ አይሄድም፤ በመሠረቱ ሥር ይገባል። ዝናቡ በጀመረ በሰዓቱ ግድግዳው እስከ ወገቡ ይረጥባል። ሰኔ ከገባ ጀምሮ እያየሁት ነው።»

«እና ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። «ሁላችሁም እኔን ስለ ማውረድ ነው የምታወሩት። እኔን ግን ያነጋገረኝ የለም። እንደ ሣጥን ነው የምትለኩኝ።»

ወይዘሮ ፀሐይነሽ በአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እኔ ስኳሩን አስቀምጬ መውጣት ሲገባኝ አልወጣሁም፤ ለታሪክ ስል ነው። ወይዘሮዋም «ልክ ነህ» አሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በኖሩበት ትዳር ይህች ቃል ስንት ጊዜ እንደ ተነገረች አላውቅም፤ አቶ ገረመው ግን ሻይ የያዘ እጃቸውን አቁመው ነበር ያዳመጡት።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጦርነቱ ሁለት አዝማች አገኘ፤ አንዱ በታች በጀሶ፣ አንዱ በላይ በመስኮት። በማግስቱ መሰላል ቆመ። ቱቦውን እንድገጥም ታዘዝሁ፤ ሦስተኛው እርከን ላይ ስደርስ የወገቤ ሕመም ስለ ተነሣብኝ ወረድሁ። ሊናም በሠላሳ ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ሻይ የምትቀዳ ልጅ ናትና ወጥታ ገጠመችው። አቶ ገረመው ከላይ ሆነው «ወደ ግራ! ትንሽ ወደ ግራ! አሁን ልክ ነው!» እያሉ ጮኹ፤ ከወደቁ ወዲህ ድምፃቸው ይህን ያህል ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ሁለት የቀን ሠራተኞች መጥተው በግድግዳው ሥር ቦይ ቈፈሩ፤ በጠጠርም ሞሉት፤ ተዳፋቱ በስንት እንደሚሆን የወሰኑት አቶ ገረመው ናቸው፤ ኤርሳዶም ሰምቶ «ፋዘር ኢንጂነር ናቸው እንዴ?» አለ።

ከዚያም ከዘመቻ ሁሉ የሚከብደው መጣ፤ እርሱም መጠበቅ ነው። ኤርሳዶ ላስቲኩ ደረቅ ሆኖ ካልታየ ሥራ አይጀመርም ብሎ ሄደ፤ በየአራት ቀኑም እየመጣ ያይ ጀመር። አቶ ገረመው በአሮጌ የተማሪ ደብተር ላይ «ከስምንት እስከ ዘጠኝ ተኩል ከባድ ዝናብ፤ ግድግዳው አልረጠበም» እያሉ ጻፉ። ወይዘሮዋም በየጠዋቱ እየወረዱ የላስቲኩን ሥር አዩ፤ ያዩትንም በላስቲኩ ላይ በማርከር ከነቀኑ መዘገቡ። ሐምሌ ሃያ አምስት፣ ጠብታ። ነሐሴ አምስት፣ ጤዛ። ነሐሴ ዘጠኝ፣ ጥቂት ጤዛ። በነሐሴ ዐሥራ አንድ ሊና «አክስቴ፣ ደርቋል እኮ፤ አሁን ብንጀምርስ?» አለች። ወይዘሮዋ ተንበርክከው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ በላስቲኩ አንድ ጥግ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ጤዛ አገኙ። «ይህች ምንድን ናት?» አሉ። ሥራው አልተጀመረም። ነሐሴ ዐሥራ ሦስት፣ ደረቅ። ነሐሴ ዐሥራ አምስት፣ ደረቅ። ነሐሴ ዐሥራ ሰባት፣ ሌሊቱን ሁሉ ዘንቦ፣ ደረቅ።

ኤርሳዶም «ማዘር፣ ተነሺ» አለ። «ማዘር» መባሉን በዚያ ጊዜ ለምደውት ነበር።

በዚያ ሳምንት የተሠራውን ሥራ ልዘርዝር። ከፍ ያለው የስንጥቁ ወገን በግራይንደር ተላገ፤ እኛም ሦስታችን ከዱቄት ወፍጮ የወጣን መስለን ወጣን። ስንጥቁ በመሮና በመዶሻ እንዲሰፋ ተደረገ፤ ወይዘሮ ፀሐይነሽም አራት ሜትር ከሃያውን በገዛ እጃቸው፣ ጣት በጣት፣ ሁለት ቀን ፈለፈሉት። በብሩሽ ተጠረገ። ሁለት ጣሳ ተቀላቅሎ እንደ ድንጋይ የሚጠጥር ማጣበቂያ ተሞላበት። በላዩም ቀጭን የሲሚንቶ ልስን ተደረገ። የመጀመሪያው ቡኮ ቀጥኖ ኤርሳዶ «ይደፋ» አለ። ወይዘሮዋ በሕይወታቸው የሰው ሥራ አስደፍተዋል እንጂ የእርሳቸው ተደፍቶ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ደፉትም። ሁለተኛው ወፈረና እርሱም ተደፋ። ሦስተኛውን ኤርሳዶ በግራ እጁ ጣት ነክቶ ዝም አለ፤ ይህም ፈቃድ ነበር። ኤርሳዶ እጁን መዘርጋት እየፈለገ፣ ጀሶው እየከለከለው፣ የወይዘሮዋ ክንድ ሲሄድ የእርሱም ትከሻ አብሮ ሲሄድ አየሁ። አንድ ጊዜም «ቀስ፤ አትጫኚው፤ እንደሚተኛ ሕፃን» አለ፤ ከዚያ አፈረና ጠጠር ሊያይ ወጣ።

ልስኑ ሲደርቅ ላስቲክ ተነጠፈ። በላስቲኩም ላይ ውሃ የማያሳብጠው፣ እግርም የማያንሸራትተው፣ ቪኒል የሚሉት የፕላስቲክ ንጣፍ ተነጠፈ፤ ይህንም አብዱልናስር ራሱ በመኪናው አመጣው። የመጨረሻዋ ቁራጭ ሁለት ጊዜ ተሳስታ ተቈረጠች፤ በሦስተኛው ገባች። ወለሉ ከፍ ስላለ የጓሮው በር አልከፈት አለ፤ በሩ ተነቅሎ ከታች እንዲላግ ለእኔ ተሰጠኝ፤ ላግሁት፤ ከሚገባው በላይ እንደ ላግሁትም ተነግሮኛል። ኤርሳዶ ውሃ ልኩን በዐሥራ ሁለት ቦታ አስቀምጦ ካየ በኋላ ከኪሱ ብይ አውጥቶ በወለሉ መካከል አኖረ። ብይዋ ቆመች። በሰሜኑ ጥግ ሲያኖራት ግን ቀስ ብላ አንድ ክንድ ያህል ወደ ሽንት ቤቱ ሄደች። «ትንሽ ታደላለች» አለ። እውነተኛ ጸሐፊ ነኝና ይህንንም ጻፍሁ።

ጳጉሜን ሦስት ቀን ወይዘሮዋ ወደ ላይ ወጥተው «አልቋል» አሉ። አቶ ገረመው አልተነሡም።

«ባለፈውም አልቋል ብለሽኝ ነበር።»

ወይዘሮ ፀሐይነሽ አልተከራከሩም። ወርደው ያንን በማርከር የጻፉበትን ላስቲክ አመጡና በባላቸው ጉልበት ላይ ዘረጉት። አቶ ገረመው መነጽራቸውን አድርገው፣ የተማሪ ፈተና እንደሚያርሙ ሁሉ፣ ከሐምሌ ሃያ አምስት ጀምረው አንዱን ቀን ከሌላው፣ የላስቲኩንም ቀን ከደብተራቸው የዝናብ ቀን ጋር እያስተያዩ አነበቡ። ሲጨርሱ እስክሪብቶ አነሡና ለሚስታቸው ሰጡ።

«ፈርሚበት።»

ወይዘሮዋ ፈረሙ። አቶ ገረመውም «እሺ» አሉ። በማግስቱ አራት ሰው ሆነን አወረድናቸው።

ማቴዎስም ዘመኑን ለማርቆስ አስረክቦ ሄደ፤ መስከረም አንድ ቀን ጠዋት ሆነ። ሊና ከሌሊት በረራ ተመልሳ፣ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ወደ ምድር ቤቱ ገባች። ወይዘሮ ፀሐይነሽ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ምክንያቱ ባይታወቅም ውሃ ልኩን በእጃቸው ይዘው፣ በግድግዳው አጠገብ ቆመዋል። አቶ ገረመው ከአልጋቸው ተነሥተው መራመጃቸውን ያዙ። እኔ የጓሮውን በር ከፍቼ ያዝሁ። ሊና ግን፣ ነገሩ ስላልገባት ይሁን ስለገባት፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ሲነጋ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ አለፍን። እንዴት ትልቅ ነው! የጣናን ሁለት እጥፍ ይሆናል» አለች።

አቶ ገረመው አንድ እርምጃ ሄዱ። «ሁለት እጥፍ?»

«ሦስት ይሆን?»

«ልጄ፣ ጂኦግራፊ ማን ነው ያስተማረሽ?» ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ እርምጃ። «ሃያ እጥፍ በይ! ሦስት አገር ነው የሚካፈለው! ጥልቀቱ ግን ያን ያህል አይደለም፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው...» ስንጥቁ የነበረበት ቦታ ላይ ደረሱ፤ አለፉት። «ዓባይ ከዚያ ነው የሚነሣው የሚሉ አሉ፤ ነጩን ማለታቸው ነው፤ የኛ ሌላ ነው» እያሉ፣ ሊናንም በዓይናቸው እየገሠጹ፣ መራመጃውን እየገፉ ሃያ ሦስት እርምጃ ሄዱ፤ ደፉን ተሻገሩ፤ በጓሮው ሣር ላይ ወጡ፤ ክርክሩም ከውጭ ይሰማ ነበር።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ውሃ ልኩን እንደ ያዙ ቀሩ። ምስጋና ሲጠብቁ ነበር፤ አልመጣም። በሩ ላይ ሄደው የባላቸውን ጀርባ አዩ፤ ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ «አቧራ ነው» አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ አቧራ አልነበረም፤ ሦስት ጊዜ ነበር የተጠረገው።

እነሆ ምስጋናቸውን እኔ እጽፋለሁ። ነገሥታቱ አገር አቀኑ ተብሎ ተጻፈላቸው፤ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ስድስት ሜትር በአራት የሆነ ወለል አቀኑ። እነርሱ ወንዝ ተሻገሩ ተባለ፤ እርሳቸው ውሃውን ከምንጩ መለሱ። እነርሱ አልተሳሳቱም ተብሎ ተጻፈ፤ እርሳቸው ተሳስተው፣ በገበያ መካከል ቆመው ተናገሩ፣ የደፉትንም ደግመው አቦኩ። ጉልበታቸው ያልዛለ፣ ዓይናቸው የስንዴ ፍሬ የምታህል ጤዛ ያላሳለፈ፣ መሮ የያዙ፣ ቡኮ የደፉ፣ ባላቸውን ከመስኮት ወደ ምድር ያወረዱ፣ የምድር ቤቱ እመቤት ወይዘሮ ፀሐይነሽ ስማቸው ይክበር! ከቦሌ እስከ ቦሌ አራብሳ ለጥ ያለ ወለል በተረገጠ ቁጥር ይወሳ! ሌላ ምስክር ለሚፈልግ ይህ ይበቃዋል፦ አቶ ገረመው በዚያ ጠዋት ከአልጋቸው እስከ ጓሮው ሲሄዱ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እግራቸው አላዩም።